ያልታዘዘ ጭነት

ከካምፓላ መሀል ከተማ በኪራ መንገድ ወደ ሰሜን ሲወጣ ካምዎክያ ይገኛል። ጀርመናዊው አርክቴክት ኧርነስት ማይ የነደፈው የዩጋንዳ ሙዚየም እዚሁ ነው፤ ሰፊ ግቢው ውስጥ ዘና ብሎ ተቀምጧል። ከሙዚየሙ ራቅ ሲሉ ግን ዘና ማለት ብሎ ነገር የለም። የቆርቆሮ ጣሪያዎች ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፣ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች በሰው መሀል ይሽሎከለካሉ፣ የሮሌክስ ሻጩ ዕንቁላሉን በቻፓቲ ጠቅልሎ ያቀብላል፣ ቢጫና ቀይ የተቀቡ የሞባይል መኒ ኪዮስኮች ከየጥጉ ብቅ ይላሉ። ዘፋኙና ፖለቲከኛው ቦቢ ዋይን ያደገው በዚህ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተውና ከዩጋንዳ ቀደምት የቴክኖሎጂ ማዕከሎች አንዱ የሆነው ሃይቭ ኮላብም ለዓመታት የሠራው እዚሁ፣ በካንጆክያ መንገድ ነው። ድህነትና ኮድ እዚህ ሰፈር ጎረቤት ናቸው።

እዚህ ሰፈር ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ያላት አንዲት ቤት እናስብ። ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ሰነድ ታትማለች፣ ኢንተርኔት ታከራያለች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሞባይል መኒ ትሠራለች። ግድግዳው ላይ አቧራ የጠጣች ትንሽ ስዊች ተሰቅላለች፤ አረንጓዴ መብራቶቿ ጥቅሻ አያቆሙም። ጠዋት አንደኛው ኮምፒውተር ሲከፈት ለቤቱ መሣሪያዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ያሰማል፦ «የዚህ አድራሻ ባለቤት ማነው?» ራውተሩ ይመልሳል፦ «እኔ ነኝ፤ የሃርድዌር ቁጥሬ ይኸው።» ኤአርፒ የሚባለው ይህ የጠዋት ሰላምታ 28 ባይት ብቻ ነው።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ኢተርኔት ከ46 ባይት ያነሰ መልእክት አያስተላልፍም። ስለዚህ 18 ባይት ማሟያ ያስፈልጋል። ማሟያው ከየት ይምጣ?

የካምፓላ ታክሲ ሳይሞላ አይነሳም፤ የአዲስ አበባውም እንዲሁ። ኢተርኔትም 28 ተሳፋሪ ይዞ ለመጣ መልእክት 46ቱ ወንበር ካልሞላ ንቅንቅ የለም ይላል። ደንቡ፣ የቀሩትን ወንበሮች በዜሮ ሙሏቸው ይላል። ወያላው ደንቡን ካላነበበ ግን ካለፈው ጉዞ ያልወረዱትን ሰዎች እንደያዘ ይነሳል። እነዚያ ያልወረዱ ሰዎች በኮምፒውተር ቋንቋ ከአፍታ በፊት በዚያው ሜሞሪ ላይ የነበሩ ባይቶች ናቸው። የሌላ ሰው የድረ ገጽ ጥያቄ ቁራጭ፣ የኢሜይል ግማሽ መስመር፣ የይለፍ ቃል ጅራት፣ ወይም ምንም ትርጉም የሌለው ግብስብስ ሊሆኑ ይችላሉ። ምን እንደሚመጣ ላኪውም አያውቅም።

ይህ ሁሉ የመጣው ከኬብል ርዝመት ነው። ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሲፀነስ፣ ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ያሰቡት ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ኬብል ተጋርተው የሚነጋገሩበትን ዘዴ ነበር። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ መልእክቶቻቸው ይጋጫሉ። ላኪው ግጭቱን መስማት የሚችለው ገና እየተናገረ ከሆነ ብቻ ነው፤ ተናግሮ ከጨረሰ ኬብሉ ሌላ ጫፍ ላይ የደረሰውን ግጭት አያውቀውም። ስለዚህ ንግግሩ ከአንድ ልክ በታች እንዳያጥር ተወሰነ፦ ከራስጌውና ከመቆጣጠሪያ ቁጥሩ ጋር 64 ባይት፣ ለመልእክቱ ለራሱ ደግሞ 46። የጋራ ኬብል ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ የካምዎክያዋ ስዊች ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን መስመር ትሰጣለች። ልኩ ግን እንዳለ ቀረ። በኮምፒውተር ዓለም ምክንያታቸው ሞቶ እነሱ ያልሞቱ ደንቦች ብዙ ናቸው።

ማሟያው ዜሮ እንዲሆን የሚለው ቃል የተጻፈውም ቀድሞ ነው። የኢንተርኔት መልእክቶች በኢተርኔት ላይ እንዴት እንደሚጓዙ የሚደነግገው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 894፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ተከታዩ አርኤፍሲ 1042 ደግሞ በ1988 ወጥተው ሁለቱም ክፍተቱ በዜሮ ይሞላ ብለዋል። ማን ይሙላው የሚለው ግን በግልጽ ሳይለይ ቀረ። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የኔትወርክ ክፍል፣ የኔትወርክ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ የሚሞላው ይመስለዋል። ድራይቨሩን የጻፈው ሰው ካርዱ ራሱ የሚሞላው ይመስለዋል። ካርዱ ደግሞ የተባለውን ያህል ባይት ከተባለው ቦታ አንስቶ ይልካል፤ ሌላ ሥራ የለውም። የሦስት ሰዎች ኃላፊነት የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኦፊር አርኪንና ጆሽ አንደርሰን የተባሉ የአትስቴክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ክፍተት በስም ጠርተው አወጡት፤ ስሙንም ኢተርሊክ አሉት። ያደረጉት ነገር ከቀላልነቱ የተነሳ ያሳፍራል፦ አንድ ባይት ብቻ የያዘ ፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» የሚል መልእክት፣ ወደ አንድ ኮምፒውተር ይልኩና መልሱን ይጠብቃሉ። የመልሱ ራስጌዎች 28 ባይት፣ የተላከው ደግሞ 1 ባይት፣ በድምሩ 29 ነው። እስከ 46 ድረስ የሚቀሩት 17 ባይቶች ዜሮ መሆን ነበረባቸው፤ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ግን አልነበሩም። ተመራማሪዎቹ የፍሳሹን ምንጭ በሦስት ከፈሉት፦ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ከከርነሉ ሜሞሪ፣ ድራይቨሩ ለራሱ ካስቀመጠው ማቆያ ሜሞሪ (ባፈር)፣ ወይም ካርዱ ላይ ካለው የመላኪያ ማከማቻ። የኋለኞቹ ሁለቱ በተለይ ከዚያ በፊት ያለፈውን ትራፊክ ቁርጥራጭ መልሰው የሚያሳዩ ናቸው። የችግሩ የመዝገብ ቁጥር ሲቪኢ-2003-0001 ሆነ፤ የዚያ ዓመት የመጀመሪያው።

አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ኔትወርክ ባለሙያዎች ስብስብ የሆነው አፍኖግ አራተኛ ጉባኤውንና ሥልጠናውን ያካሄደው ካምፓላ ላይ ነበር። ከየአገሩ የመጡ ወጣት ቴክኒሻኖች በረድፍ ተቀምጠው ሰርቨር መትከል፣ ዲኤንኤስ ማዋቀር፣ ራውተር ማስተሳሰር ይማሩ ነበር። በሥልጠናው ኮምፒውተሮች ላይ ይጫን የነበረው ነፃው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፍሪቢኤስዲ ነው። የአፍሪካን ኢንተርኔት ከተከሉት እጆች ብዙዎቹ የተፍታቱት በእንዲህ ያሉ ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ስለ አህጉሩ ቴክኖሎጂ ሲወራ ግን የሚወሳው ብዙውን ጊዜ የኬብል መርከብና የሚኒስትር ንግግር ነው። ፍሪቢኤስዲን ልብ ይሏል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ኮምፒውተር አንድን የሜሞሪ ክፍል «ጨርሻለሁ፣ ለቀቅኩ» ሲል አያጸዳውም። ቦታው ነፃ ነው የሚል ምልክት ብቻ ያስቀምጣል። የቀድሞው ነዋሪ ዕቃ እዚያው ይቆያል፣ ሌላ ፕሮግራም መጥቶ እስኪጽፍበት። አዲሱ ተከራይ ከላይ እስከ ታች ከጻፈበት ነገሩ ያልቃል። ግማሹን ጽፎ ሙሉውን ወደ ኔትወርክ ከላከ ግን ያልጻፈበት ግማሽ የሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያው የፍሳሽ ዓይነት ይህ ነው፦ ሳይጠረግ የወጣ ሜሞሪ። ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ ይለያል። በእሱ ላይ ኮምፒውተሩ ከተፈቀደለት ወሰን አልፎ ያነባል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያልፈው ከውጭ የመጣው መልእክት ስለ ርዝመቱ የዋሸውን አምኖ ነው። በመጀመሪያው የሚወጣው የትናንት ትርፍራፊ ነው። በሁለተኛው የሚወጣው አሁን በሥራ ላይ ያለ፣ ትኩስ መረጃ ሊሆን ይችላል።

የሁለተኛው ዓይነት ትልቁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ ነው። ስህተቱ የነበረው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ሳይሆን፣ ብዙ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ይዘውት በሚመጡት ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነታቸው አለመቋረጡን ለማረጋገጥ «የልብ ትርታ» የሚባል ትንሽ መልእክት ይለዋወጣሉ፦ አንዱ የሆነ ቃል ይልካል፣ ሌላው ያንኑ ቃል ይመልሳል። መልእክቱ የቃሉን ርዝመትም ይናገራል። ላኪው አንድ ባይት ልኮ ርዝመቱ 65,535 ነው ቢልስ? ሰርቨሩ ሳይጠይቅ ያንን ያህል ባይት ከሜሞሪው አንብቦ ይመልሳል። አንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት፤ ጥያቄው ደግሞ የፈለጉትን ያህል ሊደጋገም ይችላል።

ስህተቱን የጎግሉ ኒል ሜህታና ኮዴኖሚኮን የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ መሐንዲሶች በየፊናቸው ደረሱበት። ኮዱ ወደ ኦፕን ኤስኤስኤል የገባው እ.ኤ.አ. በ2011 የመጨረሻ ቀን ነበር። የጻፈው ጀርመናዊው ሮቢን ዜገልማን፣ ርዝመቱን የያዘውን ቁጥር ማረጋገጥ ዘንግቼ ነው ሲል ለጋዜጠኞች ተናገረ፤ የገመገመውም ሰው አላየውም። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ የታመኑ ድረ ገጾች የተደገፉበት ይህ ላይብረሪ በዓመት ያገኝ የነበረው መዋጮ 2,000 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ ሙሉ ጊዜውን የሰጠ ሠራተኛውም አንድ ብቻ ነበር። የዓለም ባንኮች ደጃፍ በአንድ ዘበኛ ይጠበቅ ነበር ማለት ነው፤ ለደመወዙም ማንም አልተጨነቀም።

መጀመሪያ ላይ የተከራከሩም ነበሩ። የሰርቨሩ ዋና ሚስጥር፣ የግል የምስጠራ ቁልፉ፣ በዚህ መንገድ መውጣቱ ያጠራጥራል ተባለ። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን ሆን ብሎ ያልጠገነው አንድ ሰርቨር አቁሞ ቁልፉን የሚችል ይውሰድ ሲል ተገዳደረ። ሰዓታት አልፈጀም። ፊዮዶር ኢንዱትኒ የተባለ ፕሮግራመር በ2.5 ሚሊዮን ጥያቄዎች፣ ቀጥሎም ኢልካ ማቲላ የተባለ የፊንላንድ የሳይበር ደህንነት ባለሙያ በ100,000 ገደማ ጥያቄዎች ቁልፉን አወጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ የካናዳ ገቢዎች መሥሪያ ቤት የ900 ያህል ግብር ከፋዮች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር በዚሁ ስህተት መሰረቁን አስታወቀ።

አሁን ወደ ፍሪቢኤስዲ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 የወጣው፣ በጊዜው አዲስ የነበረው ፍሪቢኤስዲ 10.0 ስህተቱ ያለበትን ኦፕን ኤስኤስኤል ይዞ ነበር። የቀድሞዎቹ 8 እና 9 ተከታታዮች ይዘውት የሚመጡት ግን የልብ ትርታ የሚባል ነገር የማያውቀውን አሮጌውን 0.9.8 ነበር። ሃርትብሊድ ይፋ በሆነበት ሳምንት፣ ሰርቨሩን ሳያዘምን የከረመ አስተዳዳሪ በዚህ በኩል ከትጉሁ ባልደረባው ይልቅ እፎይ አለ። ይህ ለስንፍና ማመካኛ አይሆንም፤ እውነቱ ግን መነገር አለበት። አሮጌ ሶፍትዌር አዲስ ስህተት የለበትም፤ ያለበት የታወቀ ስህተት ነው።

ትልልቆቹ ፍሳሾች ስም ይወጣላቸዋል፣ አርማ ይሣልላቸዋል። ትንንሾቹ ግን በቁጥር ብቻ ተመዝግበው ያልፋሉ፤ የነገሩን ባሕርይ ይበልጥ የሚያሳዩት ደግሞ እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የፍሪቢኤስዲ የደህንነት ቡድን ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ሰርቨሩ በአይፒቪ6 ለሚመጣ የግንኙነት ጥያቄ «ሰምቻለሁ፣ ቀጥል» ብሎ ሲመልስ በፓኬቱ ራስጌ ላይ የትራፊክ መደብ የሚጻፍበትን ቦታ ሳይሞላ ይልከው እንደነበር ገለጸ። ያ ቦታ 1 ባይት ነው። አንዲት ባይት የከርነል ሜሞሪ፣ በአንድ መልስ። ማንም የባንክ ሒሳቡን በዚህ አላጣም፤ ያጣል ብሎ ማስፈራራትም ተገቢ አይደለም። ሆኖም የዓለም ጥንቁቅ ፕሮግራመሮች በሚጠብቁት፣ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ሺህ ጊዜ በተነበበ ኮድ ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ ሳይሞላ መቅረት ከቻለ፣ ስሙ በማይታወቅ ፋብሪካ ተቻኩሎ በተጻፈ የራውተር ድራይቨር ውስጥ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም።

ጥቂት ባይት ምን ታደርጋለች የሚለውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 አንዲ ንዊን የተባለው የጎግል ተመራማሪ መልሶታል። በሊነክስ ብሉቱዝ ውስጥ ሦስት ስህተቶች አገኘና በአንድነት ብሊዲንግቱዝ ብሎ ሰየማቸው። ከሦስቱ አንዱ ልክ እንደ ኢተርሊክ የመጥረግ ጉድለት ነው፦ ሊነክስ ለአንድ የብሉቱዝ ጥያቄ የስህተት መልስ ሲያዘጋጅ 18 ባይት ከሚሆነው ቅጽ ሁለቱን ብቻ ይሞላና የቀሩትን 16 ባይቶች እንዳሉ ይልካቸዋል። በእነዚያ ባይቶች ውስጥ የይለፍ ቃል አልነበረም። የነበሩት የሜሞሪ አድራሻዎች ናቸው፤ ለአጥቂ ከይለፍ ቃል የማይተናነስ ዋጋ አላቸው። ዘመናዊ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች በተነሱ ቁጥር ከርነላቸውን በየጊዜው በተለያየ ቦታ ይደብቁታል፤ ሰብሮ የገባው ሰው እንኳ የትኛው ነገር የት እንዳለ እንዳያውቅ። 16ቱ ባይቶች ካርታውን ለአጥቂው ይሰጡታል። ይህ ፍሳሽ ከቀሩት ስህተቶች ከአንዱ ጋር ተዳምሮ፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ በብሉቱዝ ርቀት ያለ ሰው ላፕቶፑን ከሩቅ ማዘዝ ይችል ነበር።

ለዚህ ነው የሜሞሪ ፍሳሽ በባለሙያዎች ዘንድ ሁለት ገጽታ ያለው። ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። ከሌላ ስህተት ጋር ሲጣመር ግን ያኛውን ከሙከራ ወደ እርግጠኛ መሣሪያ ይለውጠዋል። አንዳንዴ ደግሞ ብቻውንም ይበቃል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የተጠገነው ሲትሪክስ ብሊድ እንዲያ ነበር። ኔትስኬለር የተባለው፣ ትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገቡበት መሣሪያ በፍሪቢኤስዲ ላይ የተገነባ ነው፤ ስህተቱ ግን የሲትሪክስ የራሱ ነበር። ፕሮግራሙ ጽሑፍ የሚያዘጋጅለትን ኤስኤንፕሪንትኤፍ የተባለ ፈንክሽን «ስንት ጻፍክ?» ብሎ ይጠይቃል። ፈንክሽኑ ደግሞ ቦታ ቢኖረው ኖሮ ሊጽፍ ይችል የነበረውን መጠን ይመልሳል። ፕሮግራሙ ያንን ቁጥር አምኖ ያን ያህል ባይት ወደ ጠያቂው ይልካል። ከሚወጡት ባይቶች መካከል ገብተው በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የመግቢያ ምልክቶች ይገኙ ነበር፤ ምልክቱን ያገኘ ሰው የይለፍ ቃልም ሆነ በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር አያስፈልገውም። ቦይንግ በዚህ መንገድ ተደፍሯል። ኮምካስትም የ36 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ እንደተነካ አሳውቋል። ይበልጥ የሚቆጨው ነገር፣ ማስተካከያውን የጫኑ ድርጅቶችም አለመዳናቸው ነው። ቀዳዳው ቢደፈንም ቀድመው የወጡት ምልክቶች በሥራ ላይ ነበሩና የተከፈቱት ግንኙነቶች ሁሉ መዘጋት ነበረባቸው።

የካምዎክያዋን ቤት የሚያሰጋት የትኛው ነው? ኢተርሊክ ከሃርትብሊድ በአንድ ነገር ይለያል፦ ማሟያው ራውተር አይሻገርም። ራውተር ፓኬቱን ከፍቶ ማሟያውን ይጥልና በሚቀጥለው መስመር በአዲስ ይሞላዋል። ስለዚህ ፍሳሹን ለማየት በአንድ ኔትወርክ ላይ ጎረቤት መሆን ያስፈልጋል። በለንደን ወይም በቶሮንቶ ይህ ያጽናናል። በካምፓላ ግን ጎረቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ጎግል በከተማዋ 120 በሚሆኑ ቦታዎች ሮክ ቴልኮም በሚባለው ድርጅት በኩል የዋይፋይ አገልግሎት አስጀምሮ ነበር፤ ብዙ ሕዝብ የጋራ ኔትወርክ መልመዱ የዚያ ዘመን ትሩፋት ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ዘገባ ደግሞ የዩጋንዳ የጸጥታ ተቋማት ፊንፊሸር የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር ገዝተው «ፉንጉዋ ማቾ» በተባለ ዘመቻ በካምፓላ፣ በኢንቴቤና በማሳካ ሆቴሎች ኔትወርክ ላይ መትከላቸውን ገልጿል። መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ለሶፍትዌሩ ስም እንግዳ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የሲትዝን ላብ ተመራማሪዎች አሻራውን በኢትዮጵያም አግኝተውት ነበር። ፊንፊሸር የሜሞሪ ፍሳሽ አይደለም። «አጥቂው በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆን አለበት» የሚለው የማጽናኛ ዐረፍተ ነገር ግን በሆቴልና በካፌ ዋይፋይ ላይ ሥራውን ለሚያውል ሰው ብዙም እንደማያጽናና ያሳያል።

ገንዘቡም እዚያው ኔትወርክ ላይ ነው። ኤምቲኤን በዩጋንዳ ሞባይል መኒ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ነው። በጥቅምት 2020 መጀመሪያ ባንኮችንና የስልክ ኩባንያዎችን የሚያገናኘው የሦስተኛ ወገን ሥርዓት በተደፈረ ጊዜ ስታንቢክ ባንክ፣ ኤምቲኤንና ኤርቴል የጋራ መግለጫ አውጥተው በመካከላቸው የሚደረገውን ዝውውር አቁመው ነበር። የዚያ ጥቃት መንገድ ሌላ ነው፤ ከሜሞሪ ፍሳሽ ጋር የሚያገናኘው የለም። የካምዎክያ ኪዮስክ ግን ከባንክ ጋር በአንድ ሰንሰለት ላይ የተሰካ መሆኑን ያን ሰሞን ዝውውር ያጣ ሁሉ ተረድቷል።

ነገሩ የድሃ ሰፈር ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የወጣውን የፓሎ አልቶ ኔትወርክስ ማስታወቂያ ይመልከት። ኩባንያው ፋየርዎል ይሠራል፤ ሥራው ሌላውን መጠበቅ ነው። ከትንሹ ፒኤ-200 እስከ ትልቁ ፒኤ-7000 ያሉ በርካታ ምርቶቹ የኢተርኔት ማሟያቸውን ሳያጸዱ ይልኩ እንደነበርና ከፋየርዎሉ ሜሞሪ ጥቂት ባይቶች ይወጡ እንደነበር አመነ። በማስታወቂያው ርዕስ ላይ ኢተርሊክ የሚለው ስም ራሱ ሰፍሯል። ችግሩ በስም ከተጠራ 18 ዓመት፣ ዜሮ ሙሉ የሚለው ደንብ ከተጻፈ ደግሞ 37 ዓመት ሊሞላ ነበር።

ለምን ዝም ብሎ ሁሉም አይጠረግም? መጥረግ ዋጋ አለው። ፓኬት የሚያስተላልፍ ማሽን በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ባፈር ይይዛል፣ ይለቃል፤ በእያንዳንዱ ላይ ዜሮ መጻፍ ጊዜ ይወስዳል። ለአሥርተ ዓመታት የኔትወርክ ፕሮግራመሮች ክብር የሚለካው በፍጥነት ነበር፤ ያልጻፍከው ዜሮ ያተረፍከው ጊዜ ነው። ክርክሩ የተለወጠው ዋጋው ሲለካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሊነክስ 5.3 ሜሞሪ ሲያዝ ወዲያው በዜሮ የሚሞላበትን አማራጭ ይዞ መጣ። ከአማራጩ ጋር የተጻፈው ማብራሪያ፣ በአብዛኛው ሥራ ላይ የሚታየው ቅናሽ ከ1 በመቶ በታች፣ በአንዳንድ ሰው ሠራሽ ፈተናዎች ግን እስከ 7 በመቶ መሆኑን ይናገራል። ኡቡንቱን የመሳሰሉ ስርጭቶች ይህን ከመጀመሪያው አብርተው ያቀርቡታል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ኬኤምሳን የተባለ መመርመሪያ ወደ ሊነክስ 6.1 ገባ፤ ያልተጻፈበት ሜሞሪ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል ይዞ ይጮኻል። ፕሮግራመሮቹ በሙከራ ቤት የሚጠቀሙበት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚያድነው ከመጀመሪያው ዓይነት ፍሳሽ ነው፤ እሱንም ከፊሉን። ድራይቨሩ አንድ ጊዜ ይዞ ለዓመት የማይለቀውን ባፈር ከርነሉ አይጠርግለትም፤ ካርዱ ላይ ያለው ማከማቻ ጋርም አይደርስም። ሃርትብሊድንም አያስቆምም ነበር፤ ኦፕን ኤስኤስኤል ሜሞሪን የሚያስተዳድርበት የራሱ ዘዴ ነበረው፣ የተነበበውም በሥራ ላይ ያለ መረጃ ነው። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሥራች ቴዎ ደ ራት በዚያ ሰሞን እሳት ሆኖ የተቆጣው በዚህ የሜሞሪ አስተዳደር ዘዴ ነበር፤ ቡድኑም በዚያው ወር ኮዱን ቀድቶ ሊብረኤስኤስኤል የሚባል የራሱን ጀመረ። ለሁለተኛው ዓይነት መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከውጭ የመጣን ርዝመት አለማመን።

ሕጉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2019 የመረጃ ጥበቃና ግላዊነት ሕግ አውጥታለች፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አጽድቃለች። ሁለቱም መረጃ የተደፈረበት ተቋም እንዲያሳውቅ ያዛሉ። ማሳወቅ ግን ማወቅን ይጠይቃል። ሰብሮ የገባ ሌባ የተሰበረ መዝጊያ ይተዋል። ፒንግ ልኮ መልሱን ያነበበ ሰው የሚተወው ነገር የለም፤ በመዝገቡ ላይ የሚታየው አንድ ፒንግ ነው፣ ያውም ከተመዘገበ። ሃርትብሊድ ይፋ ከመሆኑ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ማን ምን እንዳነበበ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ተቋም እምብዛም አልነበረም። ለሕግ አውጪዎች ይህ የማይመች እውነት ነው፤ ቅጣቱ የሚያርፈው መዝገብ በያዘውና ባወቀው ላይ እንጂ ምንም ባላየው ላይ አይደለም።

የኔትወርክ ባለሙያ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ግን ከባድ አይደለም። 1 ባይት የያዘ ፒንግ ወደ ስዊቹ፣ ወደ ራውተሩ፣ ወደ አታሚው፣ ወደ ደህንነት ካሜራው ይልካል፣ የሚመጣውንም መልስ በዋየርሻርክ ወይም በቲሲፒደምፕ ይይዛል። መያዝ ያለበት መልሱን በሚቀበለው በኩል ነው፤ መልሱን በላከው ማሽን ላይ ከተያዘ ፓኬቱ ገና ማሟያው ሳይጨመርበት ስለሚታይ ንጹሕ መስሎ ያታልላል። የመጨረሻዎቹ 17 ባይቶች ሁሉም ዜሮ ከሆኑ መሣሪያው ሥራውን ያውቃል። ፒንጉ በተደጋገመ ቁጥር የሚለዋወጡ ከሆነ፣ ይልቁንም የሚነበብ ፊደል ካለባቸው፣ ነገሩ ለአምራቹና ለአገሩ የኮምፒውተር ድንገተኛ ምላሽ ቡድን ይነገራል፤ በዩጋንዳ በብሔራዊ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ላለው፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በኢንሳ ሥር ላለው። አምራቹ ማስተካከያ ካለው ይጫናል። ከካምፓላ መሀል ከተማም ሆነ ከመርካቶ ሁለተኛ እጅ የተገዛ፣ አምራቹ የረሳው ሳጥን ከሆነ ግን የሞባይል መኒው ኮምፒውተር ከእሱ ተነጥሎ ቪላን በሚባል የራሱ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑም አዲስ እስኪገዛ ለፎቶ ኮፒው ማሽን ብቻ ይቀራል።